የእጅ ቅቤ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቢልቂስ ባሽር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አንቺስ፣ አባባስ፣ የኮምቦልቻ ፀሐይስ እንዴት ናችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከብርዱና ከጉሙ በቀር የሚከፋኝ ነገር የለም። ውሸቴን ነው። የሚከፋኝ ሞልቷል፣ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

ስልክ መደወል ሰልችቶኛል። በደወልኩ ቁጥር «ተኝተዋል»፣ «መስጂድ ናቸው»፣ «ጆሯቸው አይሰማም» ትይኛለሽ። አባባ ከዚህ ቤት ከወጡ ከኅዳር ወዲህ ድምፃቸውን የሰማሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ሁለት ቃል ሳንነጋገር ስልኩን ነጠቅሻቸው። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል አልኩ። ደብዳቤን «ተኝተዋል» ብለሽ አትመልሺውም።

በሚኒባሱ ሾፌር በአብዱልወሀብ እጅ ጥቂት የቁርኣን ማስቀመጫና አንድ የሙሽራ ሳጥን ልኬልሻለሁ። ይኼን ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ማስቀመጫዎቹ ወይራ ናቸው፣ ሳጥኑ ዋንዛ። ሁሉም ራቁታቸውን ናቸው፤ ማልበሱ የአንቺ ሥራ ነው። አባባ ዘይትና ሰም መቀባቱን «ማልበስ» ሲሉት ድሮ ያስቀኝ ነበር። አሁን አያስቀኝም።

ባለፈው አልብሰሽ የላክሽውን ሳጥን የወሰደችው ሴት ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ። ክዳኑን በመዳፏ ስትዳብስ ቆየችና «እንዲህ ያሳመረው ማን ነው?» አለች። «እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኳት። «እሱማ ገብቶኛል፣ እንዲህ እንዲያብረቀርቅ ያደረገው ማን ነው ማለቴ ነው» አለችኝ። ስጠርብ፣ ስልግ፣ ማዕዘኑን ሳጋጥም፣ ጣቴን በመሮ ስሸረክት የከረምኩት እኔ፤ ምስጋናው ግን ዳገቱን ቁልቁል ይዞ ኮምቦልቻ ወረደ። ቀናሁ፣ ቢልቂስ። እህቴ ነሽና አልደብቅሽም፣ ክፉኛ ቀናሁ።

መናኸሪያ ላይ የማልኩትን አልረሳሽውም። ያ ሁሉ ሰው ሰምቶታል። አባባ ራሳቸው በስሜ ጠርተው «ዐሊማ፣ ነይ» ካላሉኝ ኮምቦልቻን አልረግጥም፣ ወላሂ ብያለሁ። አሁንም እዚያው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያቸው ኖሬ፣ አንድ ቀን ተነሥተው «ቢልቂስ ታስታምመኛለች» ብለው ጓዛቸውን ሲሸክፉ ምን ልሁን? ሐኪሙ ለደረታቸው ሞቃት ቦታ ይሻላል ማለቱን አልካድኩም። ሞቃት ቦታ አለ እንጂ ቢልቂስ ዘንድ አላለም።

እንግዲህ ሁለት ነገር ጠይቂልኝ። መቼ ነው የሚጠሩኝ? ሁለተኛው ደግሞ፣ ማልበሱን አባባ ራሳቸው እያስተማሩሽ ነው የሚባለው እውነት ነው? እኔ ልጅ ሆኜ የሚያለብሱበትን ክፍል በር ስንቴ ተደግፌ እንደቆምኩ አላህ ያውቃል። አንድ ቀን እንኳ «ግቢ» አላሉኝም። ዘግተውብኝ ነበር የሚሠሩት። ለአንቺ ከፍተውት ከሆነ ከሰው አፍ ከምሰማው ከአንቺው ልስማው።

እህትሽ ዐሊማ


ኮምቦልቻ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዷ እህቴ ለእትዬ ዐሊማ፣

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ጎረቤቶቹ እንዴት ናቸው? ከጓሮ ያለው የሚያፈሰው ጣራስ ተጠገነ? ብርዱ ምን ያህል ቢጠና ነው? ወፍራሙን ጋቢ አውጥተሽ ልበሺ እንጂ፤ ለማን ነው የምታስቀምጪው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሥራም አለ፣ ጤናም አለ፣ ፀሐይም አለ።

ስለ ስልኩ አውፍ በይኝ። ለክፋት ብዬ አይደለም የነጠቅኳቸው። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ፣ አሁን አትጠይቂኝ። አባባ ሳላቸው ቀንሶላቸዋል፤ ይበላሉ፣ ጠዋት ጠዋት ደጅ ተቀምጠው ይሞቃሉ። ዓይናቸው ግን ደክሟል። እንጨቱን በጣታቸው ነው የሚያዩት።

ማልበሱን ስለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ እያስተማሩኝ ነው። ሳጥኑን ጎማላካ የሚሉት ማብረቅረቂያ ሙጫ ይሻለዋል ብለው፣ በስፒሪት አሟሙቼ በጨርቅ እያዞርኩ ስስ ስስ አድርጌ ደራረብኩት። ደሴ ቢሆን ጉሙ ሳይደርቅ ይደርስበትና ነጭ ጭጋግ ያለብሰው ነበር፤ እዚህ ግን ፀሐዩ ወዲያው ነው የሚይዘው። ለቁርኣን ማስቀመጫዎቹ ጎማላካውን ሳነሳ ግን እጄን ያዙኝ። ወይራ የራሱ መልክ አለው፣ ሰም ብቻ ይበቃዋል አሉ። «ሰው የሚያየው ቁርኣኑን ይሁን፣ እንጨቱ ዓይን አይሻማ» አሉኝ። መገጣጠሚያውን ሲዳብሱት ጣታቸው ቆም አለና «ማሻአላህ» አሉ። ሌላም አሉ፣ እሱን አልጽፈውም።

መቼ እንደሚጠሩሽ ምን ብዬ እንደምመልስልሽ አላውቅም። ስምሽ ከአፋቸው አይጠፋም። ለዛሬ ይኼን ብቻ እወቂልኝ።

እህትሽ ቢልቂስ


ደሴ
ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቢልቂስ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደህና ነኝ፣ ጣራው አልተጠገነም፣ ጋቢውን ለብሻለሁ። ስለ ጣራና ስለ ጋቢ የምትጨነቂውን ያህል ለጠየቅኩሽ ነገር ብትጨነቂ ምን ነበረበት?

«ሌላም አሉ፣ እሱን አልጽፈውም» ማለት ምን ማለት ነው? ወይ ጻፊው፣ ወይ ጭራሽ አታንሺው። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ ነሥተሽኛል። ሠርታዋለች ግን ተበላሽቷል አሉ? እሷ ድሮም እጇ ከባድ ነው አሉ? ደግሞ «ስምሽ ከአፋቸው አይጠፋም» ትያለሽ። ከአፋቸው ካልጠፋ እስከ ስልኩ ለመድረስ ምን አገደው?

ሥራ መጥቶልኛል። ወይዘሮ የኔነሽ የምትባል የኩታበር ሴት እዚህ ከእኛ በታች የጾም ምግብ ቤት ልትከፍት ነው። ለዐቢይ ጾም መግቢያ እንዲደርስላት ጎድጎድ ያሉ የእንጨት ሳህኖች አዘዘችኝ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሁሉ በእንጨት ሳህን ነው የሚቀርበው አለች። ደስ የምትል ሴት ናት። ልትወጣ ስትል ግን «ያቺ የኮምቦልቻዋ እህትሽ ናት አይደል የምታሳምራቸው?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። «አይደለችም፣ እኔው ራሴ ነኝ» አልኳት።

ስለዚህ እነዚህን አልክልሽም። ራሴ አለብሳቸዋለሁ። አባባ ምን እንደሚያለብሱ የማላውቅ ይመስልሻል? በሩን ዘግተው ሲሠሩ ይውሉና፣ ሊጨርሱ ሲሉ በሩ ስንጥቅ ይላል፣ እጃቸው ብቻ ይወጣል። እዚያ እጅ ላይ ምን እንደማስቀምጥላቸው የማውቀው እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም። አንቺን ባያስተምሩሽ ኖሮ እኔም ምንጊዜም ቢሆን አልሞክረውም ነበር። አሁን ግን እልህ ይዞኛል፣ ይያዘኝ።

ረመዳን ሳይገባ አባባ ወደ ቤታቸው ይመለሱ እንደሆነም ጻፊልኝ። አልጋቸውን አንጥፌዋለሁ።

ዐሊማ


ኮምቦልቻ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዐሊማ፣

ወዐለይኩም ሰላም። ሳህኖቹን ላኪልኝ፣ በአላህ ይዤሻለሁ። ሳጥን ሌላ፣ የሚበላበት እንጨት ሌላ ነው። ትኩስ ምግብ ሲያርፍበት ጎማላካው ይነጣል፣ ቨርኒሹ ይሸታል። እዚያ እጃቸው ላይ የምታስቀምጪላቸው ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እንዳልጠይቃቸውም አንቺ ትቆጪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ማን አለበሳቸው ብትልሽ እኔ ነኝ በያት። እኔ ግድ የለኝም።

እጅሽ ከባድ ነው አላሉም። እንዲያው ሆድ አይባስሽ።

አባባ ለረመዳን አይመጡም፣ ደረታቸው ገና ነው። ይኼን ስጽፍልሽ ፊትሽ ይታየኛል። ግን እትዬ፣ አንድ ነገር ልበልሽና ከተቆጣሽም ተቆጪ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ አባባ የአንቺ ነበሩ። እኔን ገና ሳልጠነክር ዳሩኝ። ኮምቦልቻ ከወረድኩ ወዲህ፣ ባሌ ሳዑዲ ሄዶ በዚያው ሲቀር እንኳ፣ አባባ እዚህ ቤት እግራቸውን ያስገቡት ባለፈው ኅዳር ነው። ይኼን ጥቂት ወር ብትተይልኝ ምን ይጎድልብሻል?

ሳህኖቹን ላኪ።

ቢልቂስ


ደሴ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቢልቂስ፣

ሳቂ። አብዱልወሀብ ሲያራግፍልሽ ሳህኖቹን ታያለሽ፣ ታሸቻቸዋለሽ፣ ከዚያ ትስቂያለሽ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ።

ቅቤ ነው ያለበስኳቸው።

አዎ፣ ቅቤ። አባባ በበሩ ስንጥቅ እጃቸውን የሚዘረጉት ለቅቤ ነበር። ከእናታችን ማስቀመጫ በትንሽ ሳህን ጨልፌ የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ፤ ሲወጡም እጃቸው ቅቤ ቅቤ ይል ነበር። ታዲያ የማልበሱ ምስጢር ሌላ ምን ሊሆን ነው? ለጋ ቅቤ ገዝቼ፣ አንጥሬ፣ ሳህኖቹን እሳት ዳር እያሞቅኩ እስኪጠጡት አሸኋቸው። ሲያምሩ ብታዪያቸው! በዚህ ብርድ ሽታም አልነበራቸው። የኔነሽ «እህትሽን አስናቅሻት» ስትለኝ ጮቤ ረገጥኩ።

ሰኞ ዐቢይ ጾም ገባ፣ እሷም ቤቷን ከፈተች። የመጀመሪያው ሽሮ እንደተንተከተከ ሳህኑ ላይ ተገለበጠ። ከዚያ እንጨቱ የጠጣውን መልሶ ይተፋ ጀመር። የቅቤ ዓይን ሽሮው ላይ ቁልጭ፣ ቁልጭ፣ ቁልጭ። መጀመሪያ ያዩት አንድ ቄስ ናቸው አሉ። እንጀራቸውን እንደጠቀለሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረና «ልጄ፣ ይኼ የሚያየኝ ነገር ምንድን ነው?» አሏት።

የኔነሽ ሳህኖቹን በዘንቢል ይዛ መጣች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኸችም። «ዐሊማ፣ እኔ በረመዳን ሳላሳውቅሽ ቀን በቀን ውሃ ባጠጣሽ ምን ትይኝ ነበር?» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወላሂ አላሰብኩትም አልኳት። እኛ ቤት እኮ ቅቤ ቅቤ ነው፣ ቀን አይመርጥም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጾም የሚባለው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባም፤ ጭንቅላቴን የሞላሽው አንቺ ነሽ። እሷም ቀስ ብላ አየችኝና «እንዳላሰብሽው ያስታውቃል» አለች። እስክናስተካክላቸው በሸክላ እየሠራች ትጠብቀናለች።

ታዲያ አሸንፈሻል። አልብሻቸው። አባባን ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፣ ይኼን እንኳ አትከልክይኝ። ያ ቅቤ ምን ነበር?

ዐሊማ


ኮምቦልቻ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዐሊማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንኳን ለረመዳን ወር አደረሰሽ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን። ብቻሽን ስታፈጥሪ ሆድ እንዳይብስሽ፣ ከጎረቤት ጋር አፍጥሪ።

አልሳቅኩም። እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ። የሳቁት ግን አባባ ናቸው። ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ሲስቁ አይቼ ስለማላውቅ ሁሉንም እንዳለ ልጻፍልሽ።

ካፈጠሩ በኋላ ደህና ሰዓት መርጬ «አባባ፣ ስታለብሱ በበሩ የምትቀበሉት ቅቤ ለምን ነበር?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ቅቤው? እሱማ የእጄ ነበር» አሉ። ስፒሪቱና አኳራጃ የሚሉት የቀለም ማቅጠኛ እጃቸውን እየሰነጣጠቀው፣ ሥራ ሲጨርሱ ተቀምጠው እጃቸውን በቅቤ ያሹ ነበር። እንጨቱን ነክቶት አያውቅም። እንዲያውም «አንቺ ራስሽ አልነበርሽ እንዴ የምታቀብይኝ? እጅሽ ትንሽ ነበረች፣ ሳህኗ ትበልጥሽ ነበር፤ እንዳይፈስብሽ ምላስሽን ነክሰሽ ነበር የምትመጪው» አሉና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። በሩንም የሚዘጉት ለሌላ አልነበረም፤ አቧራ ነው። ያልደረቀ ጎማላካ ላይ ብናኝ ካረፈ ሥራው ገደል ገባ ማለት ነው፣ ልጅ ደግሞ ሰጋቱራ ለብሳ ነው የምትዞረው አሉ።

ሳህኖቹን በአመድና በሙቅ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ ቅቤውን አስለቅቄያለሁ። ውሃው የእንጨቱን ጸጉር ስላቆመው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት መልሼ አለሰለስኩት። አሁን ለብ ያለ የተልባ ዘይት እየቀባኋቸው ነው። ቀብተሽ ትተይዋለሽ፣ የሚችለውን ይጠጣል፣ የተረፈውን ጥርግ አድርገሽ ታነሺለታለሽ። ካላነሳሽለት እንደ ሙጫ እየተጣበቀ ይኖራል። ሲደርቅ ትደግሚዋለሽ፣ በመጨረሻ ሰም በዘይት አቅልጠሽ ታሺዋለሽ። ስትሞክሪ ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጨብጠሽ ጥግ እንዳትወረውሪው፤ ግሎ በራሱ እሳት ይይዛል፣ ዘርግተሽ አድርቂው። ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ተልባና የማር ሰም ነው፣ ለጾም ይሆናል ብለሽ ንገሪያት።

ቢልቂስ


ደሴ
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢልቂስ፣

«አንቺ ራስሽ አልነበርሽ እንዴ የምታቀብይኝ?»

ይኼን ማንን ነው ያሉት?

ያኔ አንቺ እናታችን ጀርባ ላይ ታዝለሽ ነበር። ቅቤ ማቀበል ቀርቶ መቆም አትችይም ነበር። ያቺ ትንሽ እጅ የእኔ ናት። ምላሷን የነከሰችው እኔ ነኝ። አባባን ወሰድሽ፣ ዝም አልኩ። ማልበሱን ወሰድሽ፣ ተንገበገብኩ እንጂ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ልጅነቴን? ምን ብለሽ ነው የምታወሪያቸው? እኔ ነበርኩ ትያቸዋለሽ?

በዚህ በተከበረ ወር አትዋሺኝ። ሳህኖቹም ይቆዩ፣ የኔነሽም ትቆይ። መልሴን ላኪልኝ።

ዐሊማ


ኮምቦልቻ
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዐሊማ፣

ዛሬ ሰላምታ አላስረዝምም። ሰላምታ የማስረዝመው የምደብቀው ሲኖረኝ እንደሆነ አንቺም ሳታውቂብኝ አትቀሪም።

አባባ «ዐሊማ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ።

መጀመሪያ ስም የተምታታባቸው መስሎኝ ነበር፣ የትኛውም ወላጅ ያቀያይራል። «ቢልቂስ ነኝ እኮ፣ አባባ» አልኳቸው። «እሺ ዐሊማ» አሉኝ። ሳቅኩ። በማግስቱም ዐሊማ፣ በሳምንቱም ዐሊማ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ያሉ ነው የሚመስላቸው። ፀሐዩ ላይ ተቀምጠው «ዐሊማ፣ ጉሙ ዛሬ ምን ዋጠው?» ይሉኛል። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ደረታቸው እየዳነ ነው፣ መርሳቱ ግን እየባሰ ነው የሚሄደው አለኝ።

ስልኩን የነጠቅኳቸው ዕለት አንቺ «አባባ፣ ዐሊማ ነኝ» አልሻቸው። ፊታቸው ተቆጣ። ወደ እኔ ዞረው «በአንቺ ስም የምታወራው ይቺ ማን ናት?» አሉ። ይኼ ጆሮሽ እንዳይገባ ብዬ ነጠቅኳቸው። የዚያን ቀን ለአንቺ ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለራሴ ብዬ ነው።

አንድ ጠዋት ከጓሮ ያለችውን የሥራ ክፍል በር ከፍተው ቆሙና «ዐሊማ፣ ነይ። ልጅ ሆነሽ የዘጋሁብሽ ለአቧራው ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ነሽ፣ ነይ ግቢ፣ ማልበሱን ላሳይሽ» አሉ። ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ዐሊማ አይደለሁም ብል በሩ መልሶ ሊዘጋ ነው። «አቤት» አልኩና ገባሁ። ጨርቁ እንዴት እንደሚዞር ሊያሳዩኝ እጄን ያዙኝ። አባቴ እጄን ሲይዙኝ የመጀመሪያው ነው፣ እትዬ። ማንን ብለው እንደያዙት ግን አውቃለሁ።

የቁርኣን ማስቀመጫውን ሲዳብሱ ምን አሉ ብለሽ ነበር። ጉልበቴ ላይ መታ መታ አድርገው «ዐሊማዬ፣ ከእኔ እጅ በልጠሻል» አሉ። ይኼን ለአንቺ መጻፍ አቃተኝ። ለእኔ የተባለ አስመስዬ ልይዘው አሰብኩ፣ እሱም አልሆነልኝም።

መቼ ነው የሚጠሩኝ ስትይ ነበር። በየቀኑ ይጠሩሻል። ከሱብሒ በኋላ ይጠሩሻል፣ ሊያፈጥሩ ሲሉ ይጠሩሻል፣ በስምሽ፣ «ዐሊማ፣ ነይ» ብለው። ሄጄ የምቀርበው እኔ ነኝ።

አንቺ ቅናትሽን ጽፈሽልኝ ነበር። የእኔን ልንገርሽ? ከኅዳር እስከ ዛሬ «ቢልቂስ የት ናት?» ብለው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም።

የየኔነሽ ሳህኖች ደርቀዋል፣ ልኬያቸዋለሁ። ብትመጪ መሓላሽ አይፈርስም፣ ጠርተውሻል። ብትመጪ ግን እዚህ ቤት እኔ ማን እንደምሆን አላውቅም። አውፍ በይኝ።

ቢልቂስ


ደሴ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቢልቂስ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።

መጀመሪያ ሰደብኩሽ። ጾሜን እንደያዝኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ጎረቤት «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ እስኪመጣ ድረስ። በስሜ እጇን ተያዘች፣ በስሜ ተመሰገነች፣ በስሜ ገባች እያልኩ። ከዚያ ደብዳቤውን መልሼ አነበብኩትና ለአባባ አንጥፌው የከረምኩት አልጋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የማይመለሱበትን አልጋ ነው ለካ ሳነጥፍ የከረምኩት።

ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም፣ ልዋሽሽ አልችልም። በአንቺ መሆኑ ብቻ ቀርቷል። እዚያ ቤት አንዲት ዐሊማ አለች፤ በሩ የተከፈተላት፣ ግቢ የተባለች፣ «ከእኔ እጅ በልጠሻል» የተባለች። እኔ እዚህ አኩርፌ ብርድ ስቆጥር እሷ አጠገባቸው ፀሐይ ትሞቃለች። በእሷ ነው የምቀናው። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፣ እሷ እኔው ነኝ። ቢሆንም አንገበገበችኝ።

ሳህኖቹን ለየኔነሽ ወሰድኩላት። አንዱን አንሥታ አሸተተችው፣ በጥፍሯ ጫር አደረገችው፣ ሽሮ አስመጥታ በትኩሱ ገለበጠችበት። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ዓይን ይወጣው እንደሆነ ጠበቅን። ምንም የለም። «ማን ነው ያለበሳቸው?» አለችኝ። «እህቴ ቢልቂስ ናት፣ ቢልቂስ ባሽር» አልኳት። ሰው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ስምሽን የጠራሁት። አንድ ቦታ እንኳ በራስሽ ስም ትጠሪ ብዬ።

ቅዳሜ ለማፍጠሪያ ከአብዱልወሀብ ጋር እመጣለሁ። መሓላዬ ሞልቷል። ለአባባ «እንግዳ ይመጣል» በያቸው፣ ሌላ ምንም አትበያቸው። ማን እንደሆንኩ አልከራከራቸውም። ጎረቤት ናት ካሉኝ ጎረቤት ሆኜ እቀመጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ቅዳሜ «ዐሊማ» ብለው ሲጠሩ አንቺ ዝም በይ። እንዳትነሺ፣ እንዳታይኝም። የዚያን ቀን «አቤት» የምለው እኔ ነኝ። ፊታቸውን ቢያዞሩልኝም ቢያዞሩብኝም፣ እሱ የእኔና የእሳቸው ነው። እሑድ ጠዋት ስሜን ትቼልሽ እመለሳለሁ።

እስከ ቅዳሜ ግን አደራሽን፣ ሲጠሩ ፈጥነሽ «አቤት» በያቸው። ዐሊማ ዘገየችብኝ እንዳይሉ።

እህትሽ ዐሊማ